የረጋ ወተት

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ የፖ ሜዳ በጉም ታፍኗል፤
የበረቱ አምፖል ብቻውን እንደታመመ ዓይን ቀልቷል።
የተውሶ ቦቲ አጥልቄ፣ መጠይቄን በላስቲክ ጠቅልዬ
ገባሁ፣ ሰው ልለካ ብዬ።

አርባ ሁለት ጥያቄ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ማኅተም መቶበታል።
አንድ፦ ከየት መጡ? ሁለት፦ ከመጡ ስንት ዓመት ሆኖዎታል?
ዘጠኝ፦ ከአገሬው ጋር ምን ያህል ተዋሕደዋል?
ከአንድ እስከ አምስት ይመልሱ።

ውሕደት።
የአገሬ ሊቃውንት ለዚች ቃል ጉባኤ ተቀምጠውላታል፤
ያለ መለወጥ፣ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለየት እያሉ
ስንት ሌሊት በክርክር አንግተውባታል።
እኔ ከአንድ እስከ አምስት አልኳት።

ተርሎቻን ሲንግ ከጥምጣሙ ላይ የላስቲክ ቆብ ደርቦ
የላሟን ጡት ያጥባል፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ቀስ አድርጎ።
"ቻል" ይላል ዝቅ ባለ ድምፅ፤ "ቻል"፤
መቶ አስሩም ላም ይሰማል።
በእሱ ቋንቋ "ሂድ" ማለት ነው። በእኔ ግን ቻል ያው ቻል ነው።
በአንዲት ቃል፣ በአንድ በረት፣
እሱ መንገድ ሰማ፤ እኔ ሸክም ሰማሁበት።

"ተደላድለህ ተቀመጥክ ወይ፣ በዚህ ሁሉ ሃያ ሦስት ዓመት?"
"መች ተቀመጥኩና?" ሳቀ። "እዚህ ላም የሚታለበው ቆሞ ነው።"
ከአምስት ስንት ልስጠው?

ሲነጋ ወተቱ አይብ ቤት ገባ። ከመዳቡ ጋን ውስጥ
ሲሞቅ፣ ሲማሰል፣ ሲረጋ ቆሜ አየሁት።
የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል ይላል ያገሬ ሰው።
ይወጣዋል፣ እሺ። ቅቤውስ የማን ነው?
አይቡ በዓመቱ በመዶሻ ይመታል፤ ድምፁን ያዳምጡታል፤
ካማረ፣ የአገሩን ማኅተም ጎኑ ላይ ያትሙለታል።
የተርሎቻን ልጅ ሲምራት እዚሁ ተወልዳ፣
በሰፈሩ ቋንቋ ተሳድባ፣ በሰፈሩ ቋንቋ ታርቃ፣
አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤
የወረፋ ቁጥሯን ይዛ ትጠብቃለች።

ለኤርሜስ፣ ለበረቱ ጌታ፣ መጠይቅ አላዘጋጀሁም።
ሰማንያ ሊሞላው ነው። አገሬው ደግሞ አይለካም፤
መለኪያው እሱ ነው።

በጥቅምት ተርሎቻን የወንድሙን አስከሬን
ለእሳት ሊሰጥ ፑንጃብ ሄደ።
ሽማግሌው በከዘራ ወደ በረቱ ወረደ።
ላሞቹን በአባቱ ቋንቋ ጠራ፣
ትምህርት ቤት በማያውቀው፣ መንደሩም እየረሳው ባለ ቋንቋ።
ያመሰኳሉ። አንዷ እንኳ ጆሮዋን አልቀሰረችም።
ደገመ። ሠለሰ።
ግራ ቀኙን ቃኘ። እኔ ከወተቱ ታንከር ጀርባ ነበርኩ።
ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደሚሰርቅ ሰው፣
"ቻል" አለ።

ተነሡ። መቶ አስሩም።

እስክሪብቶዬ ከእጄ አምልጦ ሲወድቅ ነው ያየኝ።
"ይሄን" አለ፣ "በዚያ ወረቀትሽ ላይ አትጽፊውም።"
ጢሙ ላይ ጉም ነበር፣ ወይም ሌላ ነገር፤ አልለየሁም።
"አልጽፈውም" አልኩት።

ተርሎቻን ሲመለስ ትንፍሽ አላልኩም። እሱ ግን ቀድሞ ያውቃል፤
"ሽማግሌው" አለኝ ባልዲ እያለቀለቀ፣ "ማታ ማታ ብቻውን ይለማመዳል።
ደህና ነው። ቅላፄው ይቀረዋል።"

ጥናቱ ታተመ፦ አርባ ሁለት ጥያቄ፣ ስድስት ሠንጠረዥ፤
ዘጠነኛው ላይ ተርሎቻን ሁለት ነጥብ አግኝቷል።
ለላሞቹ ዓምድ የለውም።
ለኤርሜስም ቃሌን ጠብቄአለሁ፤
ይሄ ያ ወረቀት አይደለም።